ላሊበላ ለትምህርት የሚመጡ ልጆች
ዛሬም የውጭ ተማሪዎቹን ግራ ያጋባቸው ሰዓት ነው። «2 ሰዓት እንገናኝ» ሲባሉ ስልካቸው ላይ 8 ማየት አለባቸው፤ 6 መደመር ነው። ያረፈደ 11ዱንም ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ልጨርስ ብሎ ይሮጣል፤ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነውና ደረጃው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ቀን ይሻላል፦ ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለበት ወገን አንድ ቀን፣ ቤተ አማኑኤል ያለበት በማግስቱ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው፤ መጀመሪያ ከላይ ይታይ።

ጫማ በየበሩ ይወልቃል፤ ክር የሌለው ይመረጣል። ካልሲ ወፍራም ይሁን፣ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣም። ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያወጣው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ያዙ።

ሰው ለማነጋገር የቅዳሜን ገበያ የሚያህል የለም። ወሎዬ «ቡና ጠጡ» ካለ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።