ፑሽ የሚያደርሰው ፋይል ብቻ አይደለም፤ ታሪኩንም ነው

ጊት በሚባለው የፋይል ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ፕሮጀክት ወደ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ስጭን አዲሱን ሪፖ (የፕሮጀክቱን ማከማቻ) ባዶውን ነው የምከፍተው፤ ሪድሚም ላይሰንስም አልጨምርበትም። እዚያ ቀድሞ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ካለ የመጀመሪያው ፑሽ (ኮሚቶችን ወደዚያ መላክ) «ሪጀክትድ» ተብሎ ይመለሳል። ያኔ «--ፎርስ» ማለት እዚያ ያለውን ያጠፋል። «ጊት ፑል --ሪቤዝ ኦሪጂን ሜይን» ብሎ ያንን ማምጣትና የራስን ሥራ ከላዩ መደረብ ይሻላል።

ፎልደሩ ውስጥ ገብቼ «ጊት ኢኒት» ካልኩ በኋላ፣ ከ«ጊት አድ» በፊት «.ጊትኢግኖር» የሚባለውን፣ ጊት የሚያልፋቸውን ፋይሎች የሚዘረዝር ፋይል እጽፋለሁ። ኖድ ሞጁልስ (የወረዱ ላይብረሪዎች ፎልደር)፣ የዳታቤዝ ባክአፕ፣ ፓስዎርድ የያዘው «.ኢኤንቪ» እዚያ ይገባሉ። አንዴ ኮሚት የተደረገ ፋይል ኋላ ኢግኖር ላይ ቢጻፍም ጊት መከታተሉን አይተውም። የሚያስተወው «ጊት አርኤም --ካሽድ» ነው፤ «--ካሽድ» ከተረሳ ግን ፋይሉ ከዲስክም ይጠፋል።

ከዚያ «ጊት አድ .»፣ «ጊት ስታተስ»፣ «ጊት ኮሚት»፣ «ጊት ብራንች -ኤም ሜይን» (የብራንቹን፣ ማለት የሥራውን መስመር፣ ስም ሜይን የሚያደርግ)፣ «ጊት ሪሞት አድ ኦሪጂን» ከሪፖው አድራሻ ጋር፣ በመጨረሻ «ጊት ፑሽ -ዩ ኦሪጂን ሜይን»። ስታተስን አልዘልም፤ ሊሄድ የማይገባው ፋይል የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። «ሶርስ ሬፍስፔክ ሜይን ደዝ ኖት ማች ኤኒ» ካለ ወይ ኮሚት አልተደረገም፣ ወይ የብራንቹ ስም አሁንም ማስተር ነው።

ፑሽ ሳደርግ ፓስዎርድ ሲጠይቅ የጊትሃብ አካውንቱ ፓስዎርድ አይሠራም፤ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 13 ቀን 2021 ጀምሮ አይቀበለውም። በምትኩ ቶክን (በፓስዎርድ ፋንታ የሚያገለግል ኮድ) ከጊትሃብ አውጥቼ እለጥፋለሁ። ተርሚናሉ ላይ ምንም ፊደል አይታይም፤ ለጥፎ ኢንተር መጫን ነው።

ብዙ ሰዓት የሚበላው የትልቅ ፋይል ጉዳይ ነው። ጊትሃብ ከ50 ሜጋባይት በላይ ሲሆን ያስጠነቅቃል፣ ከ100 ሲያልፍ ይከለክላል። ክልከላው የሚመጣው ደግሞ ሁሉም ተልኮ ካለቀ በኋላ ነው። ፋይሉን ሰርዞ አዲስ ኮሚት ማድረግ አይፈታውም፤ አሮጌው ኮሚት አሁንም ተሸክሞታል፣ ፑሽ ደግሞ ኮሚቶቹን በሙሉ ነው የሚልከው። ፋይሉ የገባው በመጨረሻው ኮሚት ከሆነ «ጊት አርኤም --ካሽድ»፣ ቀጥሎ «ጊት ኮሚት --አሜንድ» ይበቃል። ወደ ኋላ ራቅ ካለ «ጊት ሪሴት --ሶፍት ኦሪጂን/ሜይን» ብዬ ያልተላኩትን ኮሚቶች እፈታለሁ፤ ፋይሉን አውጥቼ እንደገና ኮሚት አደርጋለሁ።

መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ የተቋረጠ ፑሽ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እልካለሁ። ብዙ ከተጠራቀመ «ጊት ፑሽ ኦሪጂን» ብዬ የአንዱን ኮሚት ቁጥርና «:ሜይን» አስከትላለሁ፤ እስከዚያ ያለው ብቻ ይሄዳል።

«.ኢኤንቪ» አምልጦ ከሄደ በቀጣዩ ኮሚት መሰረዙ አይሸፍነውም፤ ታሪኩ ውስጥ ይነበባል። መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ፓስዎርድ ወይም ቁልፍ አሰርዤ አዲስ አወጣለሁ፤ ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።