ፓተርኑን ንገሪኝ

ሞባይል መጠገን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት "ፓተርኑ ምንድን ነው?" ብዬ ስንት ሰው እንደጠየቅኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ደንበኛው ይነግረኛል። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ዘጠኝ ነጥብ አድርጌ መስመሩን እስላለሁ፣ ስልኩን ከነደረሰኙ በላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ለምን ትጠይቀኛለህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለምን እንደምጠይቅ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሴትየዋ የመጣችው አርብ ከሰዓት ነው። ስልኳ ሳምሰንግ ነው፤ ከልጇ እጅ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። ታቹ ግን ይሠራል። "ስክሪኑን ከመርካቶ አስመጥተን ነገ ይደርሳል" አልኳት። ፓተርኑን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ ሄደች። ስክሪኑን የቀየረው አብሮን የሚሠራ ልጅ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ሥራ አይሰለቸውም። እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር የማየው።

በዘጠነኛው ቀን ከታላቅ እህቷ ጋር ተመልሳ መጣች። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ገፋችው። የማታውቀው የቴሌግራም አካውንት የራሷን ፎቶ ልኮላታል። ከሥሩ "40 ሺህ ብር ካላስገባሽ ለመሥሪያ ቤትሽ ግሩፕ እለቀዋለሁ" ይላል። ፎቶውን የተነሳችው ለባሏ ነው። ባሏ ዱባይ ሹፌር ነው፣ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። "ከእሱ በቀር ያየው ሰው የለም። ከስልኬ ደግሞ የተለየሁት እዚህ ስተወው ብቻ ነው" አለችኝ። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። ምንም ሳታጠፋ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን የደፋችው ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ለባሏ የላከችው ለባሏ ነው።

ከዚያ እኔ ስህተት ሠራሁ። "እህቴ፣ አጥፊውና ብሎክ አድርጊው። መልስ ካጣ ይተዋል" አልኳት። በቅን ልቦና ነው ያልኩት፣ ግን ስህተት ነበር። ቴሌግራም ላይ ከሁለቱ አንዱ መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። እሷም ደንግጣ ስለነበር ያንኑ አደረገች። ዛቻው፣ ሰዓቱ፣ የአካውንቱ ስም፣ ሁሉም ዓይኔ እያየ ጠፋ። በሥራዬ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ያዳነን እህትየዋ ናት። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ማታውኑ በራሷ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ አንስታው ነበር፤ መልእክቱንም፣ የአካውንቱን ገጽም፣ ሰዓቱንም።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ቁጭ አሉ። ስክሪኑን የቀየረውን ልጅ ከገጠር አምጥተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። "ጠርተነው እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃት። ፎቶውም ይጥፋ። የእሷም ስም፣ የቤታችንም ስም ይትረፍ" አሉ። እህትየዋ በአክብሮት ነው የመለሰችላቸው። "ጋሼ፣ ዛሬ እግሯ ላይ ወድቆ ማታ ቢለቀውስ?" ጋሼ መልስ አጡ።

ልጁ ያን ቀን አልገባም ነበር። የሱቁን ኮምፒዩተር ከፈትኩት። "ድራይቨር" የሚል ፎልደር ውስጥ በስልክ ሞዴልና በቀን የተሰየሙ ሌሎች ፎልደሮች አገኘሁ። 15 ናቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አልከፈትኳቸውም። በትንሹ የሚታየው ይበቃ ነበር። የእሷ የአርቡ ነው። የቀሩት የሌሎች ደንበኞቻችን ናቸው። እጄ ዲሊት ላይ ነበር። ያን ሁሉ በአንዴ ባጠፋው የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት ጠበቃ አለች፤ ቻርጀር ከእኛ ነው የምትገዛው። እህትየዋ ሮጣ አመጣቻት። ጠበቃዋ መጀመሪያ ያለችኝ "እጅህን አንሳ" ነው። "አሁን ብታጠፋው የምታድነው እሱን ነው።"

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ውስጥ የአዋቂ ሰውን እርቃን ምስል ያለፈቃድ ማሰራጨትን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ግን አንቀጽ 13 አለ። ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ እያሰራጨ በከባድ ጉዳት የሚያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ምስል ያሰራጨም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም አለበት። ይህኛው ግን የሚያስከስሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት ደግሞ አቤቱታው መቅረብ ያለበት ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። "ሽማግሌ እየላኩ፣ እያለቀሱ፣ እየተደበቁ ስንቱ ሰው ሦስት ወሩን ያሳልፋል" አለች።

ጥያቄ ጠየቅኳት። "ፓተርኑን እኮ ራሷ ናት የሰጠችን፤ ፈቅዳለች አይባልም?"

"የሰጠችህ ለምን ነበር?"

"ስክሪኑን እንድንሞክርበት።"

"በቃ። ጋለሪ ውስጥ ግቡ አላለችም። ያለፈቃድ መግባት ብቻ አይደለም ወንጀሉ፤ ከተፈቀደው አልፎ መግባትም ነው። አንቀጽ 3ን አንብበው።"

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም እውነቱን እናውራ ከተባለ ስክሪን ለመቀየር ፓተርን አያስፈልግም። ታቹን ለመሞከር የመቆለፊያው ገጽ ይበቃል፤ የቀረውን ባለቤቷ ስትመጣ ራሷ ከፍታ ታየዋለች። አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች ደግሞ "ሜንተናንስ ሞድ" የሚባል ነገር አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሲበራ ስልኩ ሪስታርት ያደርግና ፎቶው፣ መልእክቱ፣ አካውንቱ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። ከዚያ ሞድ ለመውጣት የባለቤቱ መክፈቻ ያስፈልጋል። የእሷ ስልክ ታቹ ይሠራ ስለነበር እዚያው ባንኮኒው ላይ ራሷ ልታበራው ትችል ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አንድም ደንበኛ ላይ ግን ተጠቅሜበት አላውቅም። ዛሬ ደረሰኛችን ጀርባ ላይ ዘጠኝ ነጥብ አይሳልም።

አቤቱታው በማግስቱ ቀረበ። ፖሊስ ኮምፒዩተራችንን ወሰደው፤ ልጁም ተያዘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሆነ ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም።

ስለ ፎቶው ግን ልጻፍ፤ ብዙዎች ይጠይቁኛልና። ፎቶው ፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ላይ ይወጣል ብሎ ለፈራ አዋቂ ሰው "ስቶፕ ኤንሲአይአይ" (StopNCII) የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው የትም አይላክም። እዚያው ስልክህ ላይ ወደ ቁጥርና ፊደል ኮድ ይለወጥና ኮዱ ብቻ ይላካል። በአገልግሎቱ የተካተቱት ድርጅቶች ያንን ኮድ ይዘው ገጻቸው ላይ የሚመሳሰል ምስል ይፈልጋሉ። ለእሷም አብረን ሠራንላት። ስልኩን የያዘችው ራሷ ናት፤ እኔ ከባንኮኒው ማዶ ሆኜ ምን እንደምትነካ በቃል ነገርኳት።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ታሪኩን ስነግረው እዚያ ይህ ነገር ራሱን የቻለ ወንጀል እንደሆነ አጫወተኝ። የቨርጂኒያው ሕግ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰውን ለማስገደድ ወይም ለማስፈራራት ብሎ እንዲህ ያለ ምስል ያሰራጨ እስከ 12 ወር ይታሰራል፣ እስከ 2,500 ዶላርም ይቀጣል። በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለመላው አሜሪካ የሚሆን ሕግ ተፈረመ። የአዋቂን ምስል ለለቀቀ እስከ 2 ዓመት እስራት አለው፣ እለቃለሁ ብሎ መዛትንም ይቀጣል፣ ድርጅቶቹም ተበዳይ ባመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ያስገድዳል። እኛም ጋ በስሙ የሚጠራ አንቀጽ ቢኖር እወዳለሁ። "ክብሯ ጎደፈ" የሚለው አባባል አይዋጥልኝም። የዚያች ሴት ክብር የትም አልሄደም። የተነጠቀችው ፈቃዷን ነው።

መርማሪዋ የደረሰኝ ደብተራችንን ጠየቀችን። የፎልደሮቹን ቀንና ሞዴል ከደረሰኞቹ ጋር እያስተያየች የዘጠኝ ሴቶችን ስልክ ቁጥር አገኘች። ደወለችላቸው። አንዳንዶቹ ጆሯቸው ላይ ዘጉባት።

አንዷ ግን ከፖሊስ በፊት ወደ እኛ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በር ላይ ቆመች። ሱቁ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ነበር፤ እስኪወጣ ጠበቀች።

"ስንት ሰው አየው?" አለችኝ።

ሊያጽናናት የሚችል ቁጥር ፈለግኩ። አጣሁ። "አላውቅም እህቴ" አልኳት። "ኮምፒዩተሩ ፖሊስ ጋ ነው። እኔ አልከፈትኩትም።"

ዝም አለች። ቆይታ "ጊዜው አልፏል አይደል? ስልኩን ያሠራሁት እኮ አምና ነው" አለች።

"የሰማሽው መቼ ነው?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"እንግዲያው ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ከዛሬ ነው። ጠበቃዋ አራተኛ ፎቅ ናት።"

ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ሱቁን ለጋሼ ትቼ በደረጃ አብሬያት ወጣሁ።