«ጥሩ ነው፣ በርቱ»

የ6 ኪሎ የቀድሞ ተማሪዎች የምንቀባበላት አንዲት ትንሽ መጽሔት አለች። በየሦስት ወሩ በፒዲኤፍ ተዘጋጅታ በቴሌግራም ትላካለች። አዘጋጇ እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ወቃሽም የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የደረሰኝ አስተያየት ቢጨመቅ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ነው የሚወጣው።

አምና ቁርጤን ልወቅ ብዬ መጠይቅ አዘጋጀሁ። 22 ጥያቄ። ዘጠኝ ሰው ሞላው። ሰባቱ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርገዋል። አንዱማ መጽሔቷ ጭራሽ አልደረሰችውም ነበር። ይሉኝታ ነዋ! በነጻ የሚለፋን ሰው ማን ደፍሮ ይነቅፋል?

ስለዚህ ስልክ ማንሳት ጀመርኩ፤ በሳምንት ሁለት ሰው። ጥያቄውንም ወደ አንድ አወረድኩት፦ «ያለፈውን የት ገጽ ላይ ተዉት?» ይሄን ሲመልስ ሰው የሚያወራው ስለ ራሱ ነው። እኔን የነቀፈ አይመስለውም።

መጀመሪያ ላይ አበላሽቼዋለሁ። አንዷ «ጽሑፎቹ ትንሽ ይረዝማሉ» ስትለኝ «እሱ እኮ ምን መሰለሽ…» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ወዲያው «አይ፣ ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ መጻፍ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ዋሽንግተን አካባቢ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ደወልኩ። «ጋሼ፣ የት ገጽ ላይ ተዉት?» ሳቁ። «እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው ልጄ። ያረፉትን ነው የማየው።» ያንን ዓምድ የመጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ነበር የማሰፍረው። «ስልኬ ላይ አጉልቼ ስሙን ሳገኝ ቀኑ ይጠፋኛል፣ ቀኑን ስፈልግ ስሙ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የዶርም ጓደኛቸውን ማረፍ የሰሙት ከእኛ መጽሔት ነው፤ አርባው ከወጣ በኋላ።

አሁን የሐዘን ዜና እትም አይጠብቅም። ቤተሰብ ጋ ደውለን ካረጋገጥን በዚያው ቀን ይላካል።

ሌላዋ እናት ደግሞ ቆጣ ብለው «እኔን ከማን ጋር ነው የደባለቅኸኝ?» አሉኝ። የቀድሞ ተማሪዎቹን ወሬ በምረቃ ዓመት ነበር የምደረድረው። እሳቸው የገቡት በ1965 ነው። በ1967 ትምህርቱ ቆሞ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወጡ። ተመልሰው የተመረቁት ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ነው። የገቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲግሪ የተቀበሉት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። «የእኔ ሰዎች የ65 ገቢዎች ናቸው» አሉ። እኔ የኋላ ልጅ ነኝ፤ በገባሁበት ባች ነው የተመረቅሁት፣ እንዲህ ያለው ነገር በሐሳቤም አልመጣ። አሁን በመግቢያ ዓመት ነው የምደረድረው። እንዲያው ያን ሰሞን የ65ቱ ገቢዎች ፎቶ ካልላክን ብለው ስልኬን አጨናነቁት።

ከደወልኩላቸው 14 ሰዎች የመጀመሪያውን ገጽ፣ የማኅበራችንን ሊቀ መንበር መልእክት፣ አንስቶ ያወራኝ የለም። ቀስ ብዬ ወደ ገጽ 6 አወረድኩት። ይኸው ሁለት እትም ወጣ፣ ሊቀ መንበሩ እስካሁን ምንም አላሉኝም። የት ገጽ ላይ እንደሚተዉት እሳቸውንም ልጠይቃቸው ነው።