ግፋ፣ ተካ፣ እምቢ

የሙሽራዋ ወንድም የደወለው ገና ቡናዬን ሳልጨርስ ነው። «እህቴ፣ ቪዲዮው ቆንጆ ነው፤ ግን ትከሻችንና ከበሮው ተጣልተዋል» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ሳቄ ጠፋ። ከ12ኛው ደቂቃ ጀምሮ ትከሻ የሚነቀነቀው ምቱ ካለፈ 4 ሰከንድ ቆይቶ ነው። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ምት የማያውቅ አስመስዬዋለሁ።

ነገሩ የአንዲት ትንሽ ቁልፍ ጣጣ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ነን፤ ደህና ኮምፒውተር ያለን ግን አንድ ነው። ቀን እኔ እሠራበታለሁ፣ ማታ ልጁ ይረከበኛል። ጋሼ ደግሞ ደስ ባላቸው ሰዓት ብቅ ይላሉ። ድሮ የምንሠራው በክራክ ሶፍትዌር ነበር። አንድ ቀን በሥራ መሀል አልከፈትም ብሎ ሲያስለቅሰን ወደ ኬደንላይቭ ዞርን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 የተጀመረ፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው። በእኛ አሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። ያኔ ሌላ መስፈርት አልነበረንም።

ኬደንላይቭ ሦስት የኤዲቲንግ ሞድ አለው፤ ክሊፕ፣ ማለትም የቪዲዮ ቁራጭ፣ ስትጥል ምን እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው፤ የሚመረጠውም በዚያች ቁልፍ ነው። ኖርማል ላይ ከሆነ፣ ክሊፕ ባለበት ቦታ ላይ ሌላ ክሊፕ ልትጥል ስትል እምቢ ይልሃል። ኦቨርራይት ላይ ከሆነ፣ አዲሱ የነበረውን በልቶ ቦታውን ይይዛል፤ የቪዲዮው ርዝመት አይለወጥም። ኢንሰርት ላይ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ሰንጥቆ ይገባና ከኋላው ያለውን ሁሉ ይገፋል። የተቆለፈ ትራክ (ምስል ወይም ድምፅ የሚደረደርበት መስመር) ግን ንቅንቅ አይልም።

ያን ቀን ካሜራው የተንቀጠቀጠበት ቦታ ነበር። እልል የምትል አንዲት አክስት ፈልጌ በእሷ ልሸፍነው አሰብኩ። 4 ሰከንድ ናት። ያለሁት ኦቨርራይት ላይ መስሎኝ ጎትቼ ጣልኳት። ልጁ ግን ማታ ኢንሰርት ላይ ትቶት ሄዷል። ምስሉ በሙሉ ተገፋ፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ነውና 100 ፍሬም ማለት ነው። ከዲጄው ሚክሰር የቀዳነውን ድምፅ ደግሞ እንዳይነካብኝ ብዬ ራሴ ቆልፌዋለሁ። እሱ ባለበት ቀረ። ሞዱ ሙድ ያዘብኝ ማለት ይሄ ነው። የእኔ ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ብቻ አይቼ ነው ኤክስፖርት ያደረግኩት።

ማታ ሦስታችን ተሰበሰብን። አንድ ሞድ እንምረጥና ማንም አይንካው አልኩ። የእኔ ምርጫ ኦቨርራይት ነው። ልጁ አልተስማማም። እሱ የሚሠራው ቃለ መጠይቅ ነው። ሰው ሲንተባተብ ቆርጦ ያወጣል፣ ረስቶት የነበረውን ሐሳብ ደግሞ መሀል ላይ ይከታል። ኋላ ያለው አብሮ ካልተንቀሳቀሰለት ሌሊቱን ሙሉ ክፍተት ሲደፍን ሊያድር ነው። ስለዚህ ኢንሰርት አለ። ጋሼም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጁ ልክ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በኢንሰርት ነው የሠራሁት። አንቺ ልጅ፣ ሥራ የማያበላሽ እሱ ነው» አሉ። 2 ለ 1 ተሸነፍኩ።

በማግስቱ ጋሼ አንድ የልደት ቪዲዮ ላይ ቁጭ አሉ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ተሰማኝ። «ማነው ሥራዬን የገፋብኝ?»

«ጋሼ፣ ኢንሰርት እኮ ነው፤ እርስዎ የመረጡት» አልኳቸው።

«ይሄ ኢንሰርት አይደለም!»

ለካ እውነታቸውን ነው። ጋሼ ሙያውን የተማሩት በካሴት ዘመን ነው፣ ከአንዱ ማጫወቻ ወደ ሌላው መቅጃ እየገለበጡ። በዚያ ዘመን ሁለት አሠራር ነበር። አሴምብል የሚባለው ትዕይንቱን በተራ እያስከተለ ይቀዳል። ኢንሰርት የሚባለው ደግሞ ቀድሞ የተቀዳ ካሴት መሀል ገብቶ፣ የነበረውን አጥፍቶ በላዩ ይቀዳል። ካሴት አይለጠጥም፤ 30 ደቂቃ ከሆነ 30 ደቂቃ ነው። የፊልም ጥቅል ቢሆን በመቀስ ቆርጠህ ትለጥፋለህ፣ በለጠፍከው ልክ ይረዝማል። የዛሬው ኢንሰርት የወረሰው የፊልሙን ጠባይ ነው፤ ስሙ ግን ካሴት ላይ ከነበረው ጋር አንድ ሆነ። የጋሼ ኢንሰርት የእኔ ኦቨርራይት ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስንከራከር ጋሼ የእኔ ወገን ነበሩ፤ ድምፅ የሰጡት ግን ለልጁ ነው።

ያኔ የእንግሊዝኛውን ስም ተውነው። በአማርኛ «አስገባ» ብንለውም አይጠቅምም፣ ያው መንታ ትርጉም አለው። ክሊፑ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ስም አወጣን። ኢንሰርት «ግፋ» ሆነ፣ ኦቨርራይት «ተካ»፣ ኖርማል «እምቢ»። በወረቀት ጽፈን ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ወዲህ ስንጨቃጨቅ ቢያንስ ስለ አንድ ነገር ነው።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች ሞዱን እንዲለውጡት ልጽፍላቸው ተነሣሁ። ሦስት ቀን ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ ቀደድኩ። «ኦቨርራይትን መነሻ አድርጉት» ብዬ ስጽፍ የልጁ ፊት ይመጣብኛል። የኔን ሌሊት ባሳጥር የእሱን ላረዝም ነው። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ክሊፕ ስጎትት የትኛው ሞድ ላይ እንዳለሁ ዓይኔ አያየውም። ችግሬ ለካ ይሄ ብቻ ነበር።

ይሄ ቅሬታ ከእኔ በፊትም ነበር። ላሪ ቴስለር የሚባል ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው ምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ሁላችንም የምንጠቀምበት ኮፒ ፔስት ላይ እጁ አለበት። አንዱ ቁልፍ ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር የሚሠራበትን አሠራር አጥብቆ ይጠላ ነበር። የመኪናው ታርጋ ራሱ «ኖ ሞድስ» የሚል ነበር። በ2020 አረፈ። ስለ እሱ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ተቀየረ። የትኛው ሞድ ይሻላል ማለቱን ትቼ፣ ያለ ሞድ መሥራት አይቻልም ወይ አልኩ።

ይቻላል። ኪቦርዱ ላይ ኖሯል። የምትፈልገውን ቁራጭ መነሻና መድረሻ ታደርግለታለህ፣ ከዚያ ቪ (V) የሚለውን ፊደል ስትጫን ገፍቶ ይገባል፣ ቢ (B) የሚለውን ስትጫን ተክቶ ይገባል። ሾትከት የሚባለው ሌላው ነፃ ሶፍትዌርም ላይ እነዚሁ ሁለት ፊደላት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። አሁን ሞዱን እምቢ ላይ እተወዋለሁ። እጄ ቢሳሳትም ክሊፑ አይወድቅም። መግፋት ስፈልግ ቪ፣ መተካት ስፈልግ ቢ። መጀመሪያ ሰሞን ጣቴ እየተምታታ ቀርፋፋ ሆኜ ነበር፤ ሳምንት አልፈጀም። ከኤክስፖርት በፊት ደግሞ መጀመሪያው፣ መሀሉና መጨረሻው ላይ ጭብጨባ ወይም ከበሮ ፈልጌ ድምፁ ከምስሉ መግጠሙን አያለሁ።

ሰርጉን በነፃ ደግሜ ሠራሁት። ወንድምየው አየውና «አሁን ታርቀዋል» አለኝ። ጋሼ ቢን ወደዋታል፤ «የእኔ ኢንሰርት» ይሏታል። ልጁ ግን አሁንም ግፋ ላይ ትቶት ይሄዳል። ጠዋት ወንበር ሳልስብ በፊት ወደዚያች ቁልፍ አያለሁ። ዛሬም ግፋ ላይ ነበረች።