200 ኮፒ

ነሐሴ 2015 ነው። ሀዋሳ ሲዘንብ ውሎ አመሻሹ ላይ ጋብ አለ። አንድ ሰውዬ ጃኬቱን እያራገፈ ገባና ፍላሽ ሰጠኝ። "200 ኮፒ አውጣልኝ" አለ። ፋይሉን ከፈትኩት። አንድ ገጽ ነው። አናቱ ላይ በትልቁ "ከተማችንን ከግብረ ሰዶማውያን እናጽዳ" ይላል። ግርጌው ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ለጥቆማ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የቱ እንደሆነ አልጽፍም፤ ሀዋሳ እንደሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷታል። ባለቤቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። ሰውየው ጨዋ ነው። ቁጣም ስድብም የለበትም። "ወንድሜ፣ ርእሱን ትንሽ አድምቅልኝ" አለኝ። አደመቅኩለት። ጽሑፉ ወደ አንድ ጎን ዘሞ ነበር፣ እሱንም አቃናሁለት። ሳይጠይቀኝ! ልማድ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ። ከዚያ 200 ጊዜ አወጣሁት። ወረቀት ከማሽን ሲወጣ ትኩስ ነው። ቆጥሬ፣ ጠርዙን አስተካክዬ፣ በላስቲክ አሥሬ ሰጠሁት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "አብሮ ይስጠን" አልኩት።

አብሮ ይስጠን።

በዚያ ሰሞን የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ ከነስሙ ይለጠፋል። ነገሩ እኛም ጋ ደረሰ። የጓደኛዬ አከራይ ማታ በሩን አንኳኩ። ለአራት ዓመት "ልጄ" ሲሉት የኖሩ ሴትዮ ናቸው። ቡና አፍልተው ሳይጠሩት አይጠጡም። "ልጄ፣ ጎረቤት እያወራ ነው፤ እስከ ነገ ልቀቅልኝ" አሉት። የወሩ ኪራይ ተከፍሏል፣ ገና አጋማሽ ነው። ጠዋት ፍራሹን፣ ሁለት ሻንጣውንና ቴሌቪዥኑን ባጃጅ ላይ ጭነን ወጣን። ሴትየዋ በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። ይሄ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ቢሰድቡት ይሻለኝ ነበር።

ንዴቱ ድምፅ የለውም። ጠዋት አብሮኝ ይነሣል። ጥርሴን ስፍቅ አለ። ማታ ትራሱ ላይ ቀድሞኝ ይተኛል። ሰውየው ላይ ላወጣው አልችልም። አከራይዋ ላይ አልችልም። ፖሊስ ላይማ ተወው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? እኔም ዳውላ ፈለግሁ። አንዱን የባጃጅ ልጅ በአምስት ብር መልስ አንቄው ነበር። ታናሽ እህቴ ሹሮ ጨው በዝቶበታል ስላልኳት ሳይሆን ስላልኩበት አነጋገር ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በኋላ መጥታ "ወንድምዬ፣ አንተ የተናደድከው ሹሮው ላይ አይደለም አይደል?" አለችኝ። አልመለስኩላትም። ሳልነግራት የምታውቅ ይመስለኛል።

አንድ እሑድ በሌሊት ታቦር ተራራን ወጣሁ። ሰው በሌለበት ልጮህ ነው ሐሳቤ። አናቱ ላይ ስደርስ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ስፖርት ይሠራሉ። አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፋና "ና ተቀላቀል!" አለኝ። ምን ላድርግ፣ ተቀላቀልኩ። ፑሽ አፕ ሠርቼ ወረድኩ። በማግሥቱ ደረቴን ሲያመኝ ዋለ። ንዴቱ እንዳለ ነው።

ጋሼ የምንለው ሰው አለ። ስድሳን አልፏል። እሱም ከእኛው ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ የዓሣ ሾርባ ጋበዘኝ። አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን አጣጥፈው ሽምግልና የተቀመጡ መስለው ያዩናል። ሁሉንም ነገርኩት።

"አንተ ልጅ" አለኝ፤ "እኔ ሠላሳ ዓመት ተናደድኩ። ምን ያተረፍኩ ይመስልሃል? ጨጓራ።"

"ታዲያ ምን ይደረግ ጋሼ?"

"እኔን ነው የምትጠይቀው? እኔማ ያልሆነልኝን ነው የምነግርህ። ንዴት እንደ ሥራ ፈት ወንድም ነው። ሥራ ካልፈለግህለት እቤት ተቀምጦ አንተኑ ይበላሃል።"

ሾርባው ቀዘቀዘብኝ። እሱ የራሱን ጨርሶ የእኔንም ጠጣው። በጨጓራው!

እርስ በርሳችን "ዜጋ" ነው የምንባባለው። "ልጁ ዜጋ ነው እንዴ?" "አዎ፣ ዜጋ ነው።" ከጎን የሰማ ስለ ፓስፖርት የምናወራ ይመስለዋል። መንገድ ላይ ቡሽቲ ይሉናል። ሕጉ ላይ ግብረ ሰዶም ነው ስማችን። እኛ ለራሳችን የያዝነው ቃል ግን ዜጋ ነው። ስንት ዓመት ስጠቀምበት ኖሬ ከጋሼ ጋር ከተለያየን በኋላ ነው ቃሉን ያየሁት። ዜጋ ግብር ይከፍላል። ይመርጣል። ይከሰሳል። ይከስሳል። ከአራቱ ሦስቱን ነበርኩ። አራተኛው ግን አንድም ቀን በአእምሮዬ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ መስከረም ላይ የሕግ ተማሪዎች የወንጀል ሕጉን ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ሙሉውን። ገጽ በገጽ ስገለብጥ አንቀጽ 629 ላይ ደረስኩና ማሽኑን አቆምኩት። አጭር ነው። ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግብረ ሰዶም የፈጸመ በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በዚሁ ሕግ እንደ ደንቡ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ አንቀጽ 600 ላይ ነበር። በ1996 አዋጅ 414 ሲወጣ ቁጥሩ ተቀየረ፤ ነገሩ ያው ነው። ስፈራው የኖርኩት ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር መሆኑ ገረመኝ። እንደ ግንብ አድርጌ ነበር የማስበው።

ለራሴም አንድ ኮፒ አወጣሁ። የወረቀቱን ዋጋ ካሳ ውስጥ ከትቻለሁ፣ ሌባ እንዳልባል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ የሰውየውን ወረቀት ይከለክል ይሆናል ብዬ ጓጉቼ ከፈትኩት። ብሔር አለ። ሃይማኖት አለ። ዘር፣ ጾታ፣ አካል ጉዳተኝነት አለ። በጣቴ እየተከተልኩ ሁለቴ አነበብኩት። የለንም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ግን ማንም በምን በምን ምክንያት ልዩነት እንደማይደረግበት ሲዘረዝር ቆይቶ መጨረሻው ላይ "ወይም በሌላ አቋም" ይላል። እዚህ ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። ሌላ አቋም። ዝናብ ሲመጣ የሰው ቤት ጥግ እንደምንጠጋው ትንሽ መጠጊያ መሰለችኝ። አንቀጽ 26 ደግሞ ሰፋ ይላል። የግል ሕይወት። ደብዳቤ፣ ስልክ፣ ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሳይቀር አይደፈርም ይላል።

በዚህ መሀል ነው ሳይመን ንኮሊን ያገኘሁት። በስልኬ፣ ማታ ማታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ። ደቡብ አፍሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አፓርታይድን ሲቃወም ተያዘ። ዴልማስ በሚባለው የአገር ክህደት ክስ 22 ሆነው ተከሰሱ። እስር ቤት እያለ ለትግል ጓዶቹ ወንድ እንደሚወድ ነገራቸው። የተቆጡ ነበሩ፤ ከእሱ ጋር አንድ ላይ አንከሰስም ያሉም ነበሩ። አስቡት። መንግሥት ሊሰቅላቸው እየፈለገ እነሱ አጠገቡ መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። እሱ ግን አልተቀየማቸውም፤ ተከራከራቸው። በ1988 በነፃ ተለቀቀ። አብረውት ከተከሰሱት አንዱ ቴረር ሌኮታ ነው፤ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። አብሮን የታሰረን ሰው ነፃነት ሲመጣ እንዴት እናገልለዋለን የሚል ነገር የተናገረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደቀው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ላይ፣ ልዩነት ከማይደረግባቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ፣ የጾታ ዝንባሌ በስሙ ተጽፎ ገባ። ንኮሊ በ1998 በኤድስ ሞተ። 41 ዓመቱ ነበር።

ከሁሉም ያልወጣልኝ ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1990 ጆሃንስበርግ ላይ እነ ንኮሊ ያዘጋጁት ሰልፍ ነው። የመጀመሪያቸው ነበር። 800 የሚሆን ሰው ወጣ ይባላል። አንዳንዶቹ ፊታቸውን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው ነው የተሰለፉት። ከረጢት ለብሶ ሰልፍ! መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ማልቀስ ጀመርኩ። እንደ እኔ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ፈርተው ነው የወጡት። እኔ ቀኑን ሙሉ ወረቀት መሀል ቁጭ ብዬ፣ ወረቀት ለዚህም እንደሚሆን አላሰብኩም ነበር።

ቦትስዋናን ደግሞ እንደ ሒሳብ ነው ያነበብኳት። እ.ኤ.አ. በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንደ እኛው 629 ያለው ሕጋቸው ይቆይ አለ፤ ተሸነፉ። በ2012 ማኅበር እንመዝገብ ብለው ተከለከሉ። ከሰሱ። በ2014 ረቱ፣ መንግሥት ይግባኝ አለ፣ በ2016 እንደገና ረቱ። በ2019 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባቀረበው ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። በ2021 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። 18 ዓመት። የእኔ ዓይነት ንዴት 18 ወርም አይቆይም። ያቆዩት ደረሰኝ የሚያስቀምጡ፣ ቀጠሮ የሚመዘግቡ፣ ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። አሰልቺ ሰዎች። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚመላለሱ።

ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።

ቀን፣ ሰዓት፣ ሰፈር፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ። የሰው ስም አይጻፍበትም። አንደኛው የጓደኛዬ ከቤት መባረር ነው። ሁለተኛው፣ በቀጠሮ አስጠርተውት ሦስት ሆነው ስልኩንና ደመወዙን የተቀበሉት ልጅ። "ለፖሊስ ንገርና እንተያያለን" አሉት። አልተናገረም፤ ቢናገር ታሳሪው ራሱ ነው። ሦስተኛው ክሊኒክ ሄዶ ካርዱን ካወጣ በኋላ ሌሎች ሠራተኞች በር እየከፈቱ ያዩት። አራተኛው ኬላ ላይ ስልኩን ክፈት የተባለ። አሁን 13 ደርሻለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹ መናገር አይፈልጉም ነበር። "ጽፈህ ምን ልታደርገው?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጉዳዩን በስሙ ጠርታ ፍርድ ቤት የምትቆምልን ጠበቃ አላገኘሁም። የግል ሕይወት መብት ነው ሲሏት ግን ቁጭ ብላ የምታዳምጥ አንዲት አለች። ደብተሩን አየችና "ሰዓት መጻፍህ ጥሩ ነው" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

አንድ ትዝታ ደግሞ አለኝ። ኅዳር 10 ቀን 2012፣ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ዕለት። ገና ሳይነጋ ሰልፉ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከዚያ በፊት ሐምሌ ላይ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከተማው ጢስ ጢስ ይሸት ነበር። ያን ዕለት ግን አንድ አዛውንት መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወረፋ ሲጠብቁ አየሁ። ሰዓታት ፈጅቶባቸዋል። የእሳቸው ጉዳይና የእኔ አንድ አይደለም፤ ስለ እኔ ቢያውቁ ምን እንደሚሉም እገምታለሁ። ግን ያ የተጠቀለለ መታወቂያ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከወራት በፊት የሰፈራችን የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ተጠራ። ድሮ አልሄድም። ሄድኩ። ስለ ውኃ ተወራ፣ ስለ ኮብልስቶን ተወራ፣ ስለ ሌብነት ተወራ። እጄን አወጣሁ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሰብሳቢው "ስምና ሥራ?" አለ። በውስጤ "ዜጋ" የሚል ቃል መጣብኝና ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። "ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው" አልኩ። ከዚያ ጠየቅሁ። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ስልክ መክፈት ይችላል ወይ? አንቀጽ 26ን ጠቀስኩ። ቤቱ ዝም አለ። ከኋላ አንድ የባጃጅ ልጅ ተነሣ። "ትክክል ነው! እኔንም ሁለት ጊዜ አስከፍተውኛል!" አለ። ከዚያ ሌላው። አንዲት እናት "የልጄን ፎቶ ሁሉ አይተውታል" አሉ። ሰብሳቢው "ይመዘገባል" አለ። ተመዘገበም፣ አልተመዘገበም፣ እኔ ደብተሬ ላይ መዝግቤዋለሁ።

የባጃጁ ልጅ ያ በአምስት ብር ያነቅኩት አይደለም። ቢሆን ጥሩ ነበር።

ለጋሼ ስነግረው ስልኩ ላይ እያሳለ ሳቀ። "ለእነሱ ነው ለራስህ ነው የጠየቅኸው?" አለኝ። ልመልስ ስል ካርዱ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ያ ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ወዲያው ነው ያወቅሁት። እሱ አላወቀኝም። ጥቁር ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። ፍላሹን ሰጠኝ። የእናቱ የአርባ ቀን ተዝካር ጥሪ ነው። 200 ኮፒ። "ወንድሜ፣ እንዳይደበዝዝብኝ" አለ።

ጽሑፉ አሁንም ዘሟል። ብዙ አየሁት። አቃናሁለት። "እግዜር ያጽናህ" አልኩት፣ ከልቤ ነው። ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። "ምን ሆነ" የሚለው ላይ ስደርስ የምጽፈው ጠፋኝና ባዶውን ተውኩት።