አንድ እግር ጫማ

ለገጣፎ፣ እኛ ሰፈር፣ ሴት ቡችላ ፈላጊ የላትም። ወንዱን ለጥበቃ ይሻሙበታል፤ ሴቷን ካርቶን ውስጥ ከተው ቦይ ዳር ይጥሏታል። ማናለብኝንም ያገኘኋት እዚያው ነው፤ ጅብ ሳይቀድመኝ። ስሟን ያወጣችላት ጎረቤቴ ናት፣ ያሰጣችውን ነጠላ ከገመድ ጎትታ ጭቃ ላይ ስትተኛበት።

ሥዕል የምሠራው ቤቴ ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት የምስለው ውሻ ሁሉ ጠረጴዛ ይመስል ነበር። ብሩሼን አኝካ ስትያዝ ጆሮዋን እንዴት እንደምትለጥፍ፣ ስታኮርፍ ጀርባዋን እንዴት እንደምትሰጠኝ ሳይ ሳይ ነው እጄ የተፈታው።

አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ስለ እብድ ውሻ በሽታ ፖስተር አዘዘኝ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ውሻ ከነከሰህ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠብ፤ ከዚያ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ማናለብኝን አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ አንድ ልጅ እጁን ሲዘረጋላት ሳልኳት።

ኃላፊው ረቂቁን ሊያዩ ቤት ድረስ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

«ይቺ ውሻ እኮ ታሳዝናለች» አሉ።

«አዎ።»

«ዓይኗ ይቅላ። አረፋ ትድፈቅ። ልጆቹ ሊፈሩ ይገባል።»

«ጋሼ፣ በሽታው አንዳንዱን ውሻ ዝም ነው የሚያሰኘው። ምልክቱ ሳይታይ በፊትም ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ልጆችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነክሳቸው የሚያውቁት ውሻ ነው። አረፋ የሚደፍቀውን ብቻ ካሳየናቸው፣ የማይደፍቀውን ሄደው ያቅፉታል።»

ረቂቁን ትክ ብለው አዩት። ገባቸው ብዬ ደስ ሊለኝ ነው።

«ሎጎው ደግሞ ተለቅ ይበል» አሉ።

ሲወጡ የግራ እግር ጫማቸው የለም። ማናለብኝ ሮቶው ሥር ተጋድማ ተረከዙን ታኝካለች። ዓይናችንን እያየች፣ ሳትቸኩል።

«ተከትባለች?» አሉኝ ወደ ኋላ እያሉ።

«በየዓመቱ።»

«አትናከስም?»

«አረፋ የላትም እኮ» አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። ሾፌሩ ግን መሪው ላይ ተደፋ። በእኔ ነጠላ ጫማ መኪና ውስጥ ገቡ፤ ነጠላ ጫማው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ቀሪ ክፍያዬ ስንት ጊዜ «ፊርማ ላይ ነው» እንደተባለ ባልናገር ይሻላል። ፖስተሩ ሲታተም ከኢንተርኔት የወረደ፣ ዓይኑ ደም የለበሰ፣ ተኩላ ይሁን ውሻ ያልለየለት ነገር ተለጥፎበታል። ሎጎው ግን በደንብ ይታያል።

ያን ማታ ንዴቴን ለማብረድ በአንድ እግራቸው የሚዘሉ ትልቅ ሰውና ጫማ የነከሰች ውሻ ሳልኩ። ሥዕሉን ያየ አንድ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ ሙሉ ታሪክ አድርጌ እንዳመጣው ጠየቀኝ። ክፍያውም ከፖስተሩ ይሻላል።

ለማንኛውም ብዬ በር ላይ ከፍ ያለ የጫማ መደርደሪያ አሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በዋጋ ሲያደርቀኝ የከረመ ደንበኛ መጥቶ ጫማውን ሊሰቅል ሲንጠራራ፣ «ግዴለም፣ መሬት ላይ ተወው» አልኩት።