የጋሼ ቁምጣ

የምሠራው ደብሊን ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ኬረር ነኝ። አገር ቤት ላሉት ሥራዬን ስነግራቸው «ሽማግሌ ትጦራለህ በለኛ» ብለው ያሳጥሩታል። ልክ ናቸው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ማንሣት፤ ከዚያ ደግሞ የሠሩትን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።

እያንዳንዱ ነዋሪ ኬር ፕላን የሚባል ፋይል አለው። የጋሼ ፋይል ወፍራም ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል። ያለ ሁለት ሰው ድጋፍ አይነሡም። የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ። የመውደቅ አደጋ፦ ከፍተኛ። ፋይሉን ላነበበ ሰውዬው ከበሽታ ብቻ የተሠሩ ይመስላሉ። መጨረሻ ገጽ ላይ «የሚወዷቸው ነገሮች» በሚለው ሥር ሦስት ቃላት አሉ፤ ሬዲዮ፣ ሻይ፣ ዋና። ሁለት ዓመት ሙሉ ሬዲዮውን ከፈትኩ፣ ሻዩን አቀረብኩ። ሦስተኛዋን ቃል ዘልዬ ነበር የማነበው።

«ጋሼ» ያልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ ሰውዬው የለየላቸው አይሪሽ ናቸው። 84 ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን ካልሲ ሳጠልቅላቸው ከአፌ አመለጠኝና «ምን አልከኝ?» አሉ። ትርጉሙን ነገርኳቸው። ወደዱት። አሁን በስማቸው ብጠራቸው ሬዲዮ የሚሰሙ መስለው ዝም ይሉኛል። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔ ግን በሆዴ ሁሌም አንቱ እያልኩ ነው የማዋራቸው።

ግንቦት ላይ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ፀሐይ ወጣች። አየርላንድ ውስጥ ይኼ ራሱን የቻለ ዜና ነው። ማናጀራችን ነዋሪዎቹን በየተራ ወደ ውጭ እንድናወጣ ነገረችን። ጋሼን የት መሄድ እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ትንሽ እንኳ አላሰቡም።

«ፎርቲ ፉት።»

ፎርቲ ፉት ሳንዲኮቭ በሚባል ሰፈር፣ ደን ሊሪ ከምትባለው የወደብ ከተማ አጠገብ ያለ ድንጋያማ መዋኛ ነው። ደረጃው ቋጥኙ ላይ ነው የተሠራው፤ የብረት መደገፊያ ተተክሎለታል፤ እየያዙ ሲወርዱ ቀጥታ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው። ሰው ከ250 ዓመት በላይ ዋኝቶበታል፤ በጋ ክረምት ሳይል፣ የገና ዕለት እንኳ ሳይቀር። ከበላዩ ናፖሊዮን ይመጣብናል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1804 የተሠራ ክብ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ስሙ «አርባ ጫማ» ማለት ነው። ለምን እንዲያ እንደተባለ የሰፈሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

መኪና ውስጥ ጋሼ አፋቸውን አልዘጉም። ለ40 ዓመት በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እዚያ ይዋኙ ነበር። ያኔ ቦታው የወንዶች ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹም ራቁታቸውን ነው የሚገቡት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሴቶች ተሰባስበው መጡና እኛም እንዋኛለን አሉ። ትልልቆቹ ሰዎች አጉረመረሙ። «አንተስ ምን አልክ?» ብላ አብራን የመጣችው የሥራ ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ጠየቀቻቸው። «ዝም አልኩ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» አሉ። የድሮው «የወንዶች መዋኛ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም እዚያው አለ፤ ሴቶቹ ከሥሩ ፎጣቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ።

ይቺ ጓደኛዬ የኬራላ ልጅ ናት፤ ሕንድ። ለጉዞው የሞላነው የአደጋ ግምገማ ቅጽ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ሠራተኛ፣ ዊልቸር፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሰዓት፤ ነዋሪው ወደ ውሃው አይጠጋም። ሁለታችንም ፈርመናል።

ደረስን። ዊልቸሩን ከደረጃው በላይ፣ የብረቱ መደገፊያ አጠገብ አቆምኩና ፍሬኑን ያዝኩ። ባሕሩ የተኛ ይመስላል። ከማዶ የሃውዝ ኮረብታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አየሩን ሳቡ። ከዚያ አይስክሬም አማራቸው። ደን ሊሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ያለ ቴዲስ የሚባል አይስክሬም ቤት አለ። (ስሙን ባየሁ ቁጥር የሰፈራችን ቴዲ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ይመስለኛል።) ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልጅቷ ሄደች። የመጀመሪያው ስሕተት ይኼ ነው፤ ቅጹ ሁለት ሰው ይላል፣ አንድ ቀረን።

ብርድ ልብስ ላወጣ ቦርሳውን ስከፍት፣ ከፎጣው ሥር አንድ ሰማያዊ ቁምጣ አገኘሁ። ላስቲኩ አልቋል። በጫማ ማሰሪያ ነው የሚታሰረው።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቁምጣ ነዋ።»

«ለማን?»

«ለእኔ ነበር። አንተ እንደማትፈቅድልኝ ግን ከመኪናው ስንወርድ ፊትህ ላይ አይቻለሁ።» ወደ ውሃው ተመለከቱ። «እኔ ካልገባሁ አንተ ግባና ልይህ። ዋና ትችላለህ?»

የባሕር ዳር ልጅ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ጣና ዳር ነው ያደግኩት። ከመራመዴ በፊት ዋኝቻለሁ ብል ማጋነን ይሆናል እንጂ ብዙም ከእውነቱ አልርቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ሐይቅ?» አሉና ሳቁ።

ሳቋ ነካችኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ለዚያች ሳቅ ነው። ሥራ ላይ ነኝ፣ ደረቴ ላይ ስሜ የተጻፈበት ባጅ አለ፣ የመውደቅ አደጋቸው ከፍተኛ የሆነ ሰው በኃላፊነት ይዣለሁ። ፎጣ አገልድሜ የ84 ዓመት ሽማግሌ ቁምጣ ለበስኩ። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

ደረጃው ላይ አንዲት የሱፍ ቆብ ያደረጉ ሴትዮ ከውሃ ሲወጡ አገኘኋቸው። ቆዳቸው ቀልቷል። «አንዴ ከገባህ በኋላ ግሩም ነው» አሉኝ። እዚያ ቦታ ሁሉም ሰው የሚላት ዓረፍተ ነገር ናት። ቀስ ብለህ ግባ ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። እኔ እንደ ጣናው መስሎኝ ዘለልኩ።

ውሃው ያን ሰሞን 11 ዲግሪ ገደማ ነበር። ቁጥሩ ለጆሮ ምንም አይመስልም። እኛ አገር ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይኼኛው ሳቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ደረቴን በገመድ አስሮ የጎተተው ያለ ይመስል ትንፋሼ ወደ ውስጥ ተሳበ። ሳልፈልግ ነው የተሳበው። አፌ ደግሞ ገና ከውሃው አልወጣም ነበርና ጨው ጠጣሁ። ሳልኩ። ለመጮኽ ሞከርኩ፣ ድምፅ የለም። እጄና እግሬ እንደ ዶሮ ክንፍ ይራገባሉ። ዋና የሚባል ነገር ከራሴ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። ሞገዱ ደግሞ ቀስ እያለ ከደረጃው አርቆ ወደ ቋጥኙ ይገፋኛል።

«ተኛ!»

ድምፁን አላወቅኩትም። ጋሼ ሲናገሩ ሁሌም በሹክሹክታ ነው።

«በጀርባህ ተኛ! ጆሮህን ውሃ ውስጥ ክተት! አትዋኝ! ዝም ብለህ ተኛ!»

ታዘዝኩ። ሌላ ምርጫም አልነበረኝ። ራሴን ወደ ኋላ ጣልኩት፤ ጆሮዬ ውሃ ገባ፣ ጩኸቱ ሁሉ ጠፋ። ሰማዩ ብቻ ቀረ። ልቤ ራሴ ውስጥ ይመታል። አንድ ደቂቃ ያህል፣ ቢበዛ አንድ ተኩል፣ እንዲያው ተንሳፈፍኩ። ከዚያ ያ ደረቴን የያዘው ነገር በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ስም እንዳለው አወቅኩ፤ የቅዝቃዜ ድንጋጤ ይሉታል። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ አካል ሳያስፈቅድ አየር ይስባል፣ ልብ ይሮጣል። ያን ጊዜ የሚታገል ሰው ውሃ ይጠጣል። የሚንሳፈፍ ሰው ጊዜ ያገኛል። በዚህ አገር የሕይወት አድን ጀልባ ሠራተኞች ለሕዝቡ በየዓመቱ የሚለፍፉት ይህንኑ ነው። ጋሼ ግን ከማንም ለፈፋ አልተማሩትም።

የሱፍ ቆቧ ሴትዮ ተመልሰው ገብተው ነበር። አልነኩኝም። አጠገቤ ሆነው «ቀስ ብለህ እግርህን ምታ» ይሉኛል፣ ጋሼ ከላይ ይጮኻሉ። «ደረጃው ጋ ስትደርስ አትቸኩል! ሞገዱ ሲያነሣህ ጠብቅ! ሲያነሣህ ብረቱን ያዝ!» ሞገዱ አነሣኝ። ብረቱን ያዝኩ። ቋጥኙ ላይ የተለጠፈው ዛጎል ጉልበቴን ላጠው፤ የተሰማኝ ግን ከሰዓታት በኋላ ነው።

ወደ ላይ ቀና ስል ያየሁትን አልረሳውም። ጋሼ ቆመዋል። ማንም አልያዛቸውም። ሁለት እጃቸው መደገፊያው ላይ ነው፣ ብርድ ልብሱ እግራቸው ሥር ወድቋል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ከሥራቸው ደረጃው፣ ከደረጃው ሥር ድንጋዩ። የዚያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት፤ ውሃው ውስጥ እንዲያ አልፈራሁም። እርጥቡን እግሬን እያንሸራተትኩ ሮጥኩና ያዝኳቸው።

«ላይኛውን ቶሎ ልበስ» አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ከወጣህ በኋላም መቀዝቀዝህ አይቆምም።»

ባልደረባዬ ሦስት አይስክሬም ይዛ የደረሰችው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። የማይነሡት ሰውዬ ቆመዋል። ተንከባካቢያቸው የእሳቸውን ቁምጣ ለብሶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ከጉልበቱ ደም እየወረደ አቅፏቸዋል። አይስክሬሙ በክንዷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችን። ከዚያ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለች፤ ሳልጠይቃት ገባኝ።

ማታ የኢንሲደንት ሪፖርት የሚባለውን የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ ሞላሁ። መሸሸግ ይቻል ነበር፤ ሦስታችንም ዝም ብንል የሚያውቅ የለም። ጋሼም «ለምን ትጽፈዋለህ?» ብለውኛል። ግን መቆማቸው መጻፍ ነበረበት። በማግስቱ ዳሌያቸውን ቢያማቸው ነርሷ ምክንያቱን ማወቅ አለባት። ቅጹ «የተጎዳው ሰው» ይላል፤ የራሴን ስም ጻፍኩ። «የጉዳቱ ዓይነት»፦ የጉልበት መላጥ። «እርዳታ የሰጠው ሰው» የሚለው ጋ ብዙ ቆየሁ። የጋሼን ስም ጻፍኩ።

ማናጀሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ቢወድቁስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ለሦስት ወር ነዋሪ ይዤ እንዳልወጣ ታገድኩ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት» ይላሉ። አይደለችም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ አደርግ ነበር። ጉዟችን መዝናኛ የነበረው ለጋሼ ነው፤ ለእኔ ሺፍት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ከሪፖርቱ ሌላ ነገር ነው ያየችው። «ስንት ደቂቃ ቆሙ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሦስት፣ አራት ይሆናል አልኳት። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ኮሪደሩ ላይ ያለውን መደገፊያ ይዘው ያስቆሟቸዋል። ጋሼ ያማርራሉ፤ ግድግዳ ለማየት አልቆምም ይላሉ። የጉዞ ቅጹ ላይም አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ሠራተኛው ወደ ውሃው አይጠጋም።» ይቺን ሳነብላቸው ሻያቸው ትን አላቸው።

ቁምጣውን የዚያኑ ዕለት ማታ ለላውንደሪ ላወርደው ስል አስቆሙኝ።

«አይታጠብ።»

«ጋሼ፣ ጨው ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ጨው እንደሆነ።»

ክፍላቸው ውስጥ ራዲያተሩ ላይ ዘረጋሁት። ጠዋት ስገባ ደርቆ ድርቅ ብሏል፤ ጠርዙ ላይ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ጋሼ ሬዲዮውን አስከፈቱኝ፣ ሻያቸውን ጠየቁኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ራዲያተሩ ዘርግተው አቀብለኝ አሉ።